እግዚአብሔር ሁሉን ከወሰነ እኔ በምን እጠየቃለሁ?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «እግዚአብሔር ማን እንደሚድንና ማን እንደሚጠፋ ከዓለም መፈጠር በፊት ያውቃል፤ እንዲያውም ወስኗል ይባላል። እርሱ ያወቀው ሊቀር አይችልም። ታዲያ ይሁዳ ጌታውን አሳልፎ ላለመስጠት ይችል ነበር? የፈርዖንን ልብ ያጸናው እግዚአብሔር ራሱ ከሆነስ ፈርዖን ለምን ተቀጣ? የእኔ ምርጫ የይስሙላ አይሆንም ወይ? ሁሉ ያለቀ ነገር ከሆነ መጸለይና መትጋት ምን ይጨምራል?»

በዚህ ጥያቄ ውስጥ ሦስት ግሦች አንድ ላይ ተጠቅልለዋል፦ ማወቅ፣ መወሰን፣ ማድረግ። «ያውቃል» ካልን በኋላ ወደ «ወስኗል»፣ ከዚያም ሳይታወቀን ወደ «ያደረገው እርሱ ነው» እንንሸራተታለን። ሦስቱ ግን የተለያዩ ናቸው፤ ሲለያዩም ጥያቄው ግማሽ ክብደቱን ያጣል። የቀረው ግማሽ እውነተኛ ክብደት ስለሆነ በቀላል መልስ አይነሣም። አራተኛ ጉዳይም አለ፤ «ነጻ ፈቃድ» ስንል ምን ማለታችን ነው? ይህ ሳይነገር ከቀረ ሁለት ሰዎች ስለ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ሲከራከሩ ይከርማሉ።

አስቀድሞ መታረም ያለበት የእግዚአብሔርን ውሳኔ ከዕድል ጋር መቀላቀል ነው። «የአርባ ቀን ዕድሉ ነው» የሚል ሰው፣ ብትሮጥም ብትቀመጥም የሚሆነው ይሆናል ማለቱ ነው። መጨረሻው ተቆርጧል፤ መንገዱ ግን ምንም አይለውጥም። መጽሐፍ ቅዱስ የሚያሳየው ውሳኔ እንዲህ አይደለም። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 27ን ይመልከቱ። 276 ሰዎች የጫነ መርከብ በማዕበል ተይዟል። ጳውሎስ በቁጥር 22 ላይ ከመካከላቸው አንድ ነፍስ እንኳ እንደማይጠፋ ይናገራል፤ ይህን የነገረው የእግዚአብሔር መልአክ ነው። በቁጥር 30 መርከበኞቹ መልሕቅ የሚጥሉ መስለው በታንኳ ሊያመልጡ ይሞክራሉ። ያው ጳውሎስ ለመቶ አለቃው እነዚህ በመርከቡ ካልቆዩ ልትድኑ አትችሉም ይለዋል። ወታደሮቹም የታንኳዪቱን ገመድ ቈርጠው ጣሏት። ተስፋው የተረጋገጠ ነበር፤ «ካልቆዩ» የሚለውም ማስጠንቀቂያ እውነተኛ ነበር። እግዚአብሔር መዳናቸውን ብቻ ሳይሆን የሚድኑበትንም መንገድ ወስኗል፤ በዚያ መንገድ ውስጥ የጳውሎስ ጩኸትና የወታደሮቹ ሰይፍ ይገኙበታል።

ወደ ማወቅ እንለፍ። «እግዚአብሔር ነገ እንደምዋሽ ካወቀ የግድ እዋሻለሁ» የሚለው ዐረፍተ ነገር «የግድ» የሚለውን ቃል በስሕተት ቦታ አስቀምጧል። የግድ እውነት የሆነው በማወቁና በመሆኑ መካከል ያለው ማያያዣ ነው፤ እርሱ ካወቀ ነገሩ ይሆናል። ከዚህ ተነሥቶ «ነገሩ የሚሆነው በግድ ነው» ማለት ግን አይቻልም። በ6ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ሮማዊው ፈላስፋ ቦኤቲየስ የተጠቀመበት ምሳሌ እስከ ዛሬ ይሠራል፦ አንድ ሰው ተቀምጦ ካየሁት የግድ ተቀምጧል፤ ባይቀመጥ ተቀምጦ ላየው አልችልም ነበርና። ማየቴ ግን ሰውየውን ከወንበሩ ጋር አላሰረውም። ነገ እውነት ለመናገር ቢወስኑ ኖሮ፣ እግዚአብሔር ከዘላለም የሚያውቀው እውነት መናገርዎን ይሆን ነበር።

ጠንካራው ክርክር ከዚህ የተለየ ነው፤ ብዙ መልሶች እርሱን ሳይነኩ ያልፋሉ። ክርክሩ እንዲህ ይሄዳል፦ ያለፈ ነገር አይለወጥም፤ እግዚአብሔር ስለ ነገው ድርጊቴ ያወቀው ትናንት ነው፤ ስለዚህ የነገው ድርጊቴም ከትናንት ጋር አብሮ ተቆልፏል። የቦኤቲየስ መልስ እግዚአብሔር በጊዜ ውስጥ አይደለም፤ «አስቀድሞ» የምንለው ለእኛ ነው፤ እርሱ ሁሉን በአንድ ዘላለማዊ አሁን ያያል የሚል ነው። ጥሩ መልስ ነው፤ ነገር ግን ዕውቀቱ በትንቢት ወጥቶ ሲነገር ብቻውን አይበቃም። ጌታ ለጴጥሮስ ዶሮ ሳይጮኽ ሦስት ጊዜ ትክደኛለህ ሲለው ቃሉ በጊዜ ውስጥ ገብቷል፤ ሌሊቱ ሳይነጋ ያለፈ ነገር ሆኗል። በ14ኛው መቶ ዘመን እንግሊዛዊው ፈላስፋ የኦካም ዊልያም ለዚህ የሚረዳ ልዩነት አወጣ። ስለ ትናንት የሚነገር ሁሉ በትናንት ብቻ እውነት አይሆንም። «ከመሞቱ ሁለት ዓመት በፊት ቤት ሠራ» የሚለውን ያስቡ፤ ቤቱ የተሠራበት ቀን አልፏል፤ ዐረፍተ ነገሩን እውነት የሚያደርገው ግን ቤቱ በተሠራበት ቀን ገና ያልደረሰ ሞት ነው። እግዚአብሔር ስለ ነጻ ድርጊት ያለው ዕውቀትም እንዲሁ በሚመጣው ድርጊት ላይ ሊንጠለጠል ይችላል።

እግዚአብሔር የሰውን የወደፊት ነጻ ምርጫ ጨርሶ አያውቅም በማለት ችግሩን ሊያስወግዱ የሞከሩም አሉ። በተለይ ከ1994 እ.ኤ.አ. ወዲህ በአንዳንድ የፕሮቴስታንት ጸሐፊዎች ዘንድ ይህ አስተሳሰብ ሰፍቷል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ዋጋው እጅግ ውድ ነው። ኢሳይያስ 46፥10 እግዚአብሔርን ከሐሰተኞች አማልክት የሚለየው መጨረሻውን ከመጀመሪያው መናገሩ እንደሆነ ያስተምራል፤ የጴጥሮስ ክህደትም ከነቁጥሩ ተነግሮ ነበር። ይህን መንገድ አልመክርም።

ሆኖም «ያውቃል እንጂ አይወስንም» ብለው የሚያርፉ ሰዎችም ቶሎ አርፈዋል። እግዚአብሔር ከዳር ቆሞ የሚያይ ተመልካች ሳይሆን ፈጣሪ ነው። ምን እንደሚሆን እያወቀ ይህን ዓለም ፈጠረ፤ ላለመፍጠርም ይችል ነበር። ስለዚህ ቅድመ ዕውቀት ብቻውን ጥያቄውን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይገፋዋል እንጂ አይፈታውም። መጽሐፉ ደግሞ የፈቃድን ቋንቋ በግልጽ ይጠቀማል፤ የሐዋርያት ሥራ 4፥27–28 ሄሮድስ፣ ጲላጦስ፣ አሕዛብና የእስራኤል ሕዝብ ተሰብስበው ያደረጉትን የእግዚአብሔር እጅና አሳብ አስቀድሞ የወሰነው ነው ይላል። 2፥23 ሁለቱን በአንድ ዐረፍተ ነገር ያስቀምጣል፤ ኢየሱስ በተወሰነ አሳብና በቀደመው ዕውቀት ተሰጠ፤ «እናንተም» ሰቅላችሁ ገደላችሁት። ጴጥሮስ ውሳኔውን ለገዳዮቹ ማምለጫ አላደረገላቸውም፤ የሰሙትም ልባቸው ተነካ።

አሁን ነጻነት ምንድን ነው ወደሚለው። አንደኛው ትርጉም፦ ነጻ ነኝ የምለው በዚያው ቅጽበት፣ በዚያው ሁኔታ፣ ሌላውን ለማድረግ ስችል ነው። ሁለተኛው ትርጉም፦ ነጻ ነኝ የምለው ማንም ሳያስገድደኝ፣ እያወቅሁ፣ የምፈልገውን ሳደርግ ነው። በመጀመሪያው ትርጉም የእግዚአብሔር ቁርጥ ውሳኔና ነጻነት አብረው ለመቆም ይከብዳቸዋል፤ በሁለተኛው አብረው ይቆማሉ። ነገሩ በትርጉም ምርጫ ብቻ እንዳያልቅ ሁለት ነገር ያስተውሉ። እግዚአብሔር ሊዋሽ አይችልም (ዕብራውያን 6፥18)፤ ከእርሱ ይልቅ ነጻ የሆነ ግን የለም። በክብር ያሉ ቅዱሳንም ዳግመኛ ኃጢአት አይሠሩም፤ ነጻነታቸው ግን አልተቀማም። ስለዚህ ክፉን መምረጥ መቻል የነጻነት እምብርት አይደለም። በሌላ በኩል ዘዳግም 30፥19 ሕይወትንና ሞትን በፊትህ አድርጌአለሁ፤ ሕይወትን ምረጥ ሲል፣ ሲራክ 15 ደግሞ እሳትና ውኃ በፊትህ ተቀምጠዋል፤ እጅህን ወደ ወደድኸው ዘርጋ ሲል፣ ምርጫው እውነተኛ በር እንጂ በግድግዳ ላይ የተሳለ በር አይመስልም። ሲራክ በዚያው ምዕራፍ በቁጥር 11 «የሳትሁት ከእግዚአብሔር የተነሣ ነው» ማለትን ይከለክላል። ሆላንዳዊው ሊቅ ኤራስመስ በ1524 ስለ ነጻ ፈቃድ ሲጽፍ ክርክሩን የጀመረው ከዚህ ክፍል ነበር፤ ሉተርም በ1525 ትእዛዝ መሰጠቱ የማድረግ ኃይል መኖሩን አያሳይም፤ ይልቁንም ጉድለትን ይገልጣል ብሎ መለሰ።

ለዚህ ክርክር የሚያስፈልግ አንድ ልዩነት አለ፤ አለመቻል ሁለት ዓይነት ነው። እግሩ የታሰረ ሰው ሊመጣ አይችልም፤ ጠላቱን ላለማየት የማለ ሰውም «ልመጣ አልችልም» ይላል። የፊተኛው ይታዘንለታል፤ የኋለኛው ይወቀሳል፤ ባልቻለ መጠን ይብሱን ይወቀሳል፤ ምክንያቱም አለመቻሉ ጥላቻው ራሱ ነው። አሜሪካዊው ሰባኪ ጆናታን ኤድዋርድስ በ1754 ይህን ልዩነት በሰፊው አብራርቶታል። ዮሐንስ 6፥44 አብ ካልሳበው በቀር ወደ እኔ ሊመጣ የሚችል የለም ሲል የሚናገረው ስለ ሁለተኛው ዓይነት ነው። ሰው መምጣት እየፈለገ በር አልተዘጋበትም፤ መፈለጉ ራሱ ታሟል። 8፥34 ኃጢአት የሚያደርግ ሁሉ የኃጢአት ባሪያ ነው የሚለውም ይህንኑ ነው።

ፈርዖንን በቅርብ እንየው። እርሳስ ይያዙና ከዘፀአት 7 እስከ 14 ልቡ የጸናባቸውን ቦታዎች ያስምሩ፤ በእያንዳንዱም ያጸናው ማን እንደሆነ ይጻፉ። በ7፥13 እና 7፥22 ልቡ ጸና ይላል፤ ያጸናው አልተጠቀሰም። በ8፥15 እና በ8፥32 ፈርዖን ራሱ ልቡን አደነደነ። «እግዚአብሔር አጸና» የሚለው በትረካው መጀመሪያ የሚመጣው በ9፥12 ነው፤ ከስድስተኛው መቅሠፍት በኋላ። በ9፥34 እንደገና ፈርዖን ራሱ፤ ከ10፥1 ወዲያ በብዛት እግዚአብሔር ነው። ዕብራይስጡ ሦስት ግሦች ይጠቀማል፤ አንዱ «በረታ፣ ጸና»፣ አንዱ «ጠነከረ» ማለት ሲሆን ሦስተኛው ካቤድ ነው፤ የአማርኛው «ከበደ» ዘመድ። ፈርዖን በራሱ ላይ የፈጸመው ይህን ነው፤ ልቡን አከበደ። መቅሠፍቱ ጋብ ባለ ቁጥር ቃሉን አጠፈ፤ በእያንዳንዱ ማጠፍ ልቡ አንድ ሚዛን ጨመረ። እግዚአብሔር ሲያጸናው በንጹሕ ልብ ላይ ክፋት አልጨመረበትም፤ በመረጠው መንገድ አበረታው፤ ለፈቃዱ አሳልፎ ሰጠው። ሮሜ 1 ሦስት ጊዜ «አሳልፎ ሰጣቸው» የሚለው ፍርድ ይኸው ነው።

እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ይህን ቆጠራ ይዘው «እግዚአብሔር ለፈርዖን ምርጫ ምላሽ ሰጠ እንጂ ሌላ አላደረገም» የሚሉ አሉ። ዘፀአት 4፥21 ይከለክላቸዋል፤ እግዚአብሔር ልቡን እንደሚያጸና የተናገረው ሙሴ ገና ፈርዖን ፊት ሳይቆም ነው። የጥንቱ የእስክንድርያ መምህር የኦሪጀንስ ምሳሌም፣ ያው ፀሐይ ሰሙን ያቀልጣል ጭቃውን ያደርቃል የሚለው፣ የተቀባዩን ልዩነት በደንብ ያሳያል፤ ሮሜ 9፥18 «የሚወደውን ይምረዋል» ሲል የሚናገረውን ግን አይሸፍንም። የዘፀአት ጸሐፊ ሁለቱን አባባሎች እየቀያየረ የጻፈው አንዱ ሌላውን ያስወጣል ብሎ ስላላሰበ ነው።

የብዙ ሰው ስሕተት ሥሩ እዚህ ይመስለኛል። እግዚአብሔርንና ሰውን ገመድ እንደሚጓተቱ ሁለት ወገኖች እናስባቸዋለን፤ አንዱ በሳበ መጠን ለሌላው የሚቀረው ያንሳል። ከዚያ ድርሻ እናካፍላለን፤ ይህን ያህል በመቶ እርሱ፣ ይህን ያህል በመቶ እኔ። ፈጣሪ ግን ከፍጥረት መካከል አንድ ትልቅ ኃይል አይደለም። ቶማስ አኩዊናስ በ13ኛው መቶ ዘመን እንዳስተማረው፣ አንድ ሥራ ከፊሉ ከእግዚአብሔር ከፊሉ ከፍጥረት አይደለም፤ ሁለንተናው ከሁለቱም ነው፤ ግን በተለያየ ደረጃ። ፊልጵስዩስ 2፥12–13 ይህን በተግባር ቋንቋ ያስቀምጠዋል፤ መዳናችሁን በፍርሃትና በመንቀጥቀጥ ፈጽሙ፤ መፈለግንም ማድረግንም በእናንተ የሚሠራ እግዚአብሔር ነውና። ማያያዣውን ልብ ይበሉ። «ነገር ግን» አላለም፤ «ነውና» አለ። የእርሱ ሥራ የእኛን ሥራ የሚያስቀር ሳይሆን የሚያስገኝ ነው።

የዮሴፍ ታሪክ ይህንኑ በክፉ ድርጊት ላይ ያሳያል። ወንድሞቹ በ20 ብር ሸጡት፤ በመጨረሻም በዘፍጥረት 50፥20 ዮሴፍ እናንተ ክፉ አሰባችሁብኝ፤ እግዚአብሔር ግን ለመልካም አሰበው አላቸው። በዕብራይስጡ ሁለቱም ቦታ ያው አንድ ግስ ነው፤ «አሰበ» ከሚለው ቃላችን ጋር ሥሩ አንድ ነው። እግዚአብሔር ዘግይቶ ደርሶ የተበላሸውን አስተካከለ አይልም፤ በዚያው ሽያጭ ላይ ሁለት አሳቦች ነበሩ ይላል። የወንድሞቹ አሳብ ቅናት ነው፤ ይጠየቁበታል። የእግዚአብሔር አሳብ ሕዝብን በሕይወት ማቆየት ነው። ኢሳይያስ 10 ከዚህ አይለይም፤ አሦር የእግዚአብሔር ቁጣ በትር ነው፤ በቁጥር 7 ግን እርሱ እንዲህ አያስብም፤ ማጥፋት ብቻ ነው በልቡ ያለው፤ በቁጥር 12 ስለዚሁ ትዕቢቱ ይቀጣል።

ይሁዳም በዚህ መስመር ይነበባል። ማቴዎስ 26፥24 የሰው ልጅ እንደ ተጻፈ ይሄዳል፤ አሳልፎ ለሚሰጠው ሰው ግን ወዮለት ይላል። በ26፥15 ወደ ካህናት አለቆች ሄዶ ምን ልትሰጡኝ ትወዳላችሁ ብሎ የጠየቀው ራሱ ነው፤ 30 ብር መዘኑለት። ዮሐንስ 12፥6 ከረጢቱን ይዞ ከሚገባው ይሰርቅ እንደነበር ይናገራል። ማንም እጁን አልጠመዘዘውም፤ ለዓመታት የለመደውን መንገድ ጨረሰ። «ላለመስጠት ይችል ነበር ወይ?» ለሚለው፦ የሚከለክለው ውጫዊ ኃይል አልነበረም፤ ማዕድ ላይ ሳለ እንኳ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶታል፤ የከለከለው ፍቅረ ንዋይ የወረሰው የራሱ ልብ ነው።

ኃጢአትን በተመለከተ «ይፈቅዳል» የሚለው ቃል ማምለጫ ሆኖ እንዳይወሰድ እንጂ አስፈላጊ ቃል ነው። እግዚአብሔር ለድርጊቱ ሕልውናና ኃይል ይሰጣል፤ ጉድለቱ ግን ከፍጥረት ነው። እግሩ የተጣመመ ሰው ሲራመድ እንቅስቃሴው ከነፍሱ ኃይል ነው፤ ማነከሱ ግን ከእግሩ። ያዕቆብ 1፥13 እግዚአብሔር ማንንም በክፉ እንደማይፈትን ቁርጥ አድርጎ ስለሚናገር፣ ለመልካምና ለክፉ አንድ ዓይነት ምንጭ የሚያደርግ ማንኛውም ትምህርት ከመጀመሪያው ተሳስቷል።

ክርስቲያኖች የተለያዩባቸው ቦታዎች ከሚባለው ያነሱ ናቸው። ፔላጊዎስ ሰው ያለ ውስጣዊ ጸጋ ትእዛዙን ሊፈጽም ይችላል ባለ ጊዜ አውግስጢኖስ ተቃወመው፤ በ418 የካርታጎ ጉባኤ አወገዘው። በ529 የተሰበሰበው የኦሬንጅ ጉባኤ የእምነት መጀመሪያ እንኳ ከጸጋ መሆኑን አጸና፤ በዚያው ግን በእግዚአብሔር ኃይል ለክፋት የተወሰኑ አሉ የሚለውን አወገዘ። የምሥራቅ አባቶች ጸጋና ፈቃድ አብረው ይሠራሉ በሚለው ላይ ይቆማሉ፤ ዮሐንስ ደማስቆዊ በ8ኛው መቶ ዘመን እግዚአብሔር ሁሉን አስቀድሞ ያውቃል፤ ሁሉን ግን አስቀድሞ አይወስንም፤ በእኛ ሥልጣን ሥር ያለውን ያውቀዋል እንጂ አያስገድደውም ብሎ ጽፏል። የካልቪንን ትምህርት የሚከተሉት ምርጫው በሰው በታየ ነገር ላይ አልተመሠረተም፤ ከእግዚአብሔር በጎ ፈቃድ ብቻ ነው ይላሉ። «ሰውን አሻንጉሊት ያደርጋሉ» ብሎ መክሰስ ግን ስሕተት ነው፤ የ1646ቱ የዌስትሚኒስተር የእምነት መግለጫ ምዕራፍ 3 እግዚአብሔር የሚሆነውን ሁሉ ወስኗል ባለበት ዐረፍተ ነገር፣ የኃጢአት አድራጊ እንዳልሆነና የፍጥረታትን ፈቃድ እንደማያስገድድ ያክላል። የሆላንዱን መምህር አርሚንዮስን የሚከተሉትም «ሰው ራሱን ያድናል» አይሉም፤ የ1610ሩ መግለጫቸው ሦስተኛ አንቀጽ ሰው በገዛ ነጻ ፈቃዱ ኃይል የሚያድን እምነት እንደሌለው ይናገራል። ትምህርታቸውን ካወገዘው የዶርት ሲኖዶስ (1618–1619) ጋር ከተለያዩባቸው ዋና ነጥቦች አንዱ በአራተኛው አንቀጽ ያለው ነው፤ ጸጋውን ሰው ሊቃወመው ይችላል ወይስ በመጨረሻ ያሸንፋል?

ስፔናዊው የካቶሊክ ካህን ሞሊና በ1588 ሌላ መንገድ አቀረበ፤ እግዚአብሔር ማንኛውም ሰው በማንኛውም ሁኔታ በነጻነት ምን እንደሚያደርግ ያውቃል፤ በዚህ ዕውቀት ዓለምን ያስተዳድራል። 1ኛ ሳሙኤል 23 ይረዳዋል። ዳዊት በቅዒላ ሳለ ሳኦል ይወርዳልን? የከተማዋ ሰዎችስ አሳልፈው ይሰጡኛልን? ብሎ ጠየቀ፤ ሁለቱንም አዎን ተባለ፤ ከተማዋን ትቶ ወጣ፤ ሁለቱም ሳይሆኑ ቀሩ። እግዚአብሔር «ቢሆን ኖሮ» የሚለውን እንደሚያውቅ ክፍሉ ያስረግጣል፤ ምርጫን በዚህ ላይ እንደሚመሠርት ግን አይናገርም። በሞሊና ደጋፊዎችና በተቃዋሚዎቻቸው በካቶሊካውያን መካከል የተነሣውን ክርክር በ1607 ጳጳስ ጳውሎስ 5ኛ ሁለቱንም ወገን ሳያወግዝ ዘጋው። ልከኛ ውሳኔ ነበር።

ሮሜ 9ን ከ9፥24 ላይ ቆርጠው አያንብቡ፤ ብዙ ጉዳት የሚደርሰው ከዚያ ነው። ምዕራፍ 9 ምሕረት የእግዚአብሔር መሆኑን ይናገራል፤ 9፥32 እስራኤል የተሰናከለችው በእምነት ስላልፈለገች እንደሆነ፤ 10፥21 እግዚአብሔር ቀኑን ሁሉ እጆቹን ለማይታዘዝ ሕዝብ እንደዘረጋ፤ 11፥23 ባለማመናቸው ካልጸኑ ተመልሰው እንደሚገቡ። ቅጠሉን ሳያጥፉ ሦስቱን ምዕራፎች በአንድ ተቀምጦ ማንበብ ከግማሽ ሰዓት አይበልጥም። 9፥22 እና 9፥23ንም ጎን ለጎን ያስተያዩ፤ የቁጣ ዕቃዎች «ለጥፋት የተዘጋጁ» ናቸው፤ ያዘጋጃቸው አልተጠራም። የምሕረት ዕቃዎችን ግን «አስቀድሞ ያዘጋጃቸው» እርሱ ነው። ጳውሎስ ሁለቱን በአንድ ግስ ማስቀመጥ ይችል ነበር፤ አላደረገውም። የሸክላ ሠሪውም ምሳሌ በኤርምያስ 18፥7–10 ሕዝቡ ቢመለስ እርሱም ያሰበውን ክፋት እንደሚተው ይነግረናል።

ማንም ትምህርት የማይመልሳቸው ነገሮች አሉ። በመልካም የተፈጠረ ፈቃድ የመጀመሪያውን ክፋት እንዴት አመጣ? እግዚአብሔር ለምን አልከለከለውም? ያንኑ ስብከት ከሰሙ ሁለት ሰዎች አንዱ ለምን ያምናል? «አንዱ ስለተመረጠ» ያለ ሰው «ሌላውስ ለምን?» ይባላል፤ «አንዱ ስለፈቀደ» ያለውም «ፈቃዳቸው ለምን ተለያየ?» ይባላል። እዚህ ላይ ሁሉም ወገን አንድ ግድግዳ ጋ ይደርሳል፤ ደርሻለሁ ብሎ የሚናገረው ከማይናገረው ይሻላል።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው። ሦስት አጥሮችን አይድፈሩ፦ እግዚአብሔር የኃጢአት ምንጭ አይደለም፤ መዳን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ከጸጋ ነው፤ ሰው ለሠራው በእውነት ይጠየቃል። ከሦስቱ አንዱን ዝቅ አድርጎ ሌሎቹን የሚያስማማ ማብራሪያ ምንም ያህል ቢያምር ይተዉት። በአጥሩ ውስጥ ቤተ ክርስቲያንዎ የያዘችውን ትምህርት በጥንቃቄ ይማሩ፤ የተቃራኒውንም ወገን ከራሱ መግለጫ እንጂ ከተቺዎቹ አይስሙ። በኑሮዎ የሚመሩት ግን በተገለጠው ትእዛዝ ይሁን። ዘዳግም 29፥29 ምሥጢሩን ለእግዚአብሔር፣ የተገለጠውን ለእኛና ለልጆቻችን ይሰጣል፤ እናደርገውም ዘንድ ይላል። «ይህን ኃጢአት እንድሠራ ተወስኗል» የሚል ሰው ያላየውን መጽሐፍ እየጠቀሰ፣ የተሰጠውን መጽሐፍ እየጣሰ ነው።

ጸሎትም በዚሁ ይመለሳል። ዳንኤል 9፥2 ነቢዩ የኤርምያስን ቃል መርምሮ የኢየሩሳሌም መፍረስ 70 ዓመት እንደተወሰነለት አስተዋለ ይላል፤ ቁጥር 3 ላይ ማቅ ለብሶ በጾም ለመነ። በ1ኛ ነገሥት 18፥1 እግዚአብሔር ዝናብ እሰጣለሁ አለ፤ ኤልያስ ግን በቀርሜሎስ ራስ ላይ ፊቱን በጉልበቶቹ መካከል አድርጎ ተደፋ፤ ብላቴናውንም ሰባት ጊዜ ወደ ባሕሩ እንዲመለከት ላከው። የተወሰነ ነገር ስለሆነ ጸሎት አላቆመም፤ የጸለየው ስለተወሰነ ነው። ውሳኔው ጸሎቱን ጨምሮ ነበርና።

አንድ ጥንቃቄ ይቀራል። ይህን ጥያቄ ከሚጠይቁት አንዳንዶቹ ክርክር አይፈልጉም፤ «ምናልባት አልተመረጥሁ ይሆን?» የሚል ፍርሃት ይዟቸዋል። ለእነዚህ ስለ ዘላለም ውሳኔ ማስረዳት ቁስል ላይ ጨው መነስነስ ነው። የተመረጡትን ስም ዝርዝር ማንም አላየውም፤ ስለዚህ ፍለጋው ከዚያ አይጀምርም። ዮሐንስ 6፥37ን እስከ መጨረሻው ያንብቡላቸው። የፊተኛው ሐረግ አብ ስለ ሰጠው ይናገራል፤ የኋለኛው ግን ወደ እርሱ የሚመጣውን ከቶ ወደ ውጭ እንደማያወጣው ነው። ለመምጣት መጀመሪያ የፊተኛውን ሐረግ መፍታት አይጠየቅም።